ከድሬዳዋ ተነሥቶ በትንሽ ደሴት ላይ ባለ የባሕር ዳርቻ ሪዞርት ለማረፍ፦ የአሠራር መመሪያ

ለድሬዳዋ ሰው ባሕር ሩቅ አይደለም። የምድር ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ከተማችን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ነው የኖረችው። ይሁን እንጂ ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ጅቡቲ ከሚመላለሰው ሰው መካከል ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደምትርቀው ወደ ሙሻ ደሴት የሚሻገረው ጥቂት ነው። ሙሻና ጎረቤቷ መስካሊ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያሉ፣ ከኮራል የተሠሩ፣ ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ የማይሉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ይህ መመሪያ በዋናነት ሙሻን በማሰብ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ አብዛኛው ነገር በየትኛውም ትንሽ ደሴት ላይ ላለ ሪዞርት ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ሊጤን የሚገባው፣ በትንሽ ደሴት ላይ ያለ ሆቴል ከከተማ ሆቴል የሚለየው በአልጋው ወይም በምግቡ ሳይሆን፣ በጀልባ ያልመጣ ነገር ሁሉ እዚያ የማይገኝ በመሆኑ ነው። ሱቅ የለም፣ ፋርማሲ የለም፣ ኤቲኤም የለም፣ ክፍሉን ባይወዱት የሚሄዱበት ሌላ ሆቴልም የለም። ስለዚህ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ከተለመደው ይገለበጣል፤ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ጀልባው ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

ለጅቡቲ ደሴቶች የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ነው። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፣ ከምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስም ይነሣል። የድሬዳዋ ሰው «ሙቀት ለምጃለሁ» ብሎ ይህን ችላ ማለት የለበትም፤ የእኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፤ የባሕሩ ግን ወበቅ ነው፣ ሌሊትም አይለቅም። ከሐረር ደጋ ለሚወርድ ሰውማ ይብሳል።

ቀን ሲመርጡ በጅቡቲ የሳምንቱ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ መሆናቸውን ያስታውሱ። በእነዚህ ቀናት የከተማው ሰውና በዚያ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ከነልጆቻቸው ወደ ደሴቷ ስለሚሻገሩ ጀልባውም ዳርቻውም ይጨናነቃል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያለውን ይምረጥ፤ ሆኖም በሥራ ቀናት ጀልባ መኖሩን በተለይ ማረጋገጥ ያስፈልገዋል። ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍና ለሰው የማይተናኮል ዓሣ ለማየት የሚመጡ ደግሞ ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ መሆኑን፣ የሚታየውም ሙሻ ላይ ሳይሆን በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ክፍል በአርታ ዳርቻ አካባቢ መሆኑን ይወቁ፤ ያ ራሱን የቻለ የጀልባ ጉዞ ነው።

ደረጃ 2፦ የጀልባውን ጉዳይ መጨረስ

ለሪዞርቱ በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ ይጻፉ፤ በስልክ ብቻ አይስማሙ። በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ይበቃል፤ ዋናው ነገር መልሱ በጽሑፍ እጅዎ መግባቱ ነው። በመልእክቱ ላይ እነዚህን ይጠይቁ፦ የጀልባው ዋጋ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የሚነሣው ከየትኛው የጀልባ ማቆሚያ ነው? በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ባሕሩ ተናውጦ ጀልባው ቢቀር የዚያ ሌሊት ክፍያ ይመለሳል? አንድ ሰው ቢታመም በሌሊት የሚያወጣ ጀልባና ነጂ ደሴቷ ላይ ያድራል? የመጨረሻው ጥያቄ የማይመች ቢመስልም መጠየቅ አለበት። የማያሻማ መልስ የማይሰጥ ቤት ልጅ ወይም አረጋዊ ይዘው የሚሄዱበት ቤት አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢሆኑም እነርሱ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። ጀልባው «9፡00» ይነሣል ከተባለ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት እንጂ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ማለት አይደለም። ቀኑንም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፉ፣ የሳምንቱንም ቀን ስም አብረው ያስፍሩ፤ ቀንና ዕለት አልገጥም ሲል ስሕተቱ ወዲያው ይታያልና። ምርጫ ካለ የጠዋቱን ጀልባ ይያዙ፤ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማዕበሉም ያኔ ያይላል። በፈጣን ጀልባ መሻገሪያው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድም፣ ሆዱ ባዶ ወይም ከልክ በላይ የጠገበ ሰው ይህንኑ አጭር ጊዜ በማስመለስ ሊያሳልፈው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር መለየት

በከተማ «ቁርስን ጨምሮ» የሚል ዋጋ በቂ ነው፤ ምሳና እራት ውጭ ይበላል። በደሴት ላይ ግን ቁርስ ብቻ የተካተተበት ርካሽ ክፍል በመጨረሻ ሦስቱንም ምግብ ካካተተው ይበልጥ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ምሳና እራትዎን የሚገዙት ከዚያው ከአንዱ ወጥ ቤት፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ ነውና። ስለዚህ ዋጋ ሲያነጻጽሩ የአልጋውን ሳይሆን የአልጋውን፣ የሦስት ጊዜ ምግቡን፣ የመጠጥ ውሃውንና የደርሶ መልስ ጀልባውን ድምር ለአንድ ሰው አስልተው ያነጻጽሩ። ውሃውን መጨመር አይርሱ። የጅቡቲ ከተማ ከእኛው ጎረቤት ከአዲጋላ አካባቢ በቧንቧ የሚሄድላትን ውሃ ትጠጣለች፤ ደሴቷ ግን የራሷ ጣፋጭ ውሃ የላትም። ለመጠጥ የሚሆን የታሸገ ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ያስቡ፤ ሆቴሉ በነጻ የማይሰጥ ከሆነ ከከተማ ገዝቶ መሻገር እንደሚቻል አስቀድመው ይጠይቁ።

በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የሙሻን ደሴቶች ከታጁራ ሡልጣን ሲገዙ የተስማሙበት ዋጋ 10 ከረጢት ሩዝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በደሴቷ ላይ የሚበላው ሩዝ የሚመጣው በጀልባ ነው። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ከወጥ ቤቱ የተለየ ነገር የሚፈልግ ሁሉ ፍላጎቱን ከጥቂት ቀናት በፊት ማሳወቅ አለበት፣ ዕቃው የሚጫነው ቀድሞ ነውና። የተመረጠው ወቅት የገና ጾምን፣ ማለትም ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለውን ጊዜ፣ ስለሚጨምር ጾመኛ እንግዳ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተሠራ ምግብ እንደሚፈልግ በዝርዝር ይጻፍ፤ «አትክልት ተመጋቢ ነኝ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ ቢቀርብለት አስተናጋጁን ሊወቅስ አይችልም። ሙስሊም እንግዳ በጅቡቲ ስለ ሐላል የሚያሳስበው ነገር የለም። የክርስቲያን ሥጋ ካልሆነ የማይበላ ሰው ደግሞ ዓሣ አለለት። ጉዞው በረመዳን ከዋለ በቀን ወጥ ቤቱ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ።

ቅድመ ክፍያ ሲጠየቁ ከጠቅላላው ከፊሉን ብቻ ለመክፈል ይስማሙ፤ የተከፈለው ገንዘብ መጠን፣ የቀረው መጠን፣ ቢሰርዙ የሚመለሰው መጠን በአንድ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይላክልዎ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ክፈሉ ከተባሉ ሆቴሉን በሌላ ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ደረጃ 4፦ ሰነድና ገንዘብ

ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ይሁን። የጅቡቲ ቪዛ በኢንተርኔት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይጠየቃል፤ ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ። ሰዎች የሚዘነጉት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድን ነው፦ ጅቡቲ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ መንገደኞች ካርዱን ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን ታስሯል፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ይህ ለመንገደኛ ትልቅ ምቾት ነው፤ 100 ዶላር 17,772 ፍራንክ ገደማ መሆኑን የያዘ ሰው ዘርዛሪ ምን ያህል እንደሚቆርጥበት ወዲያው ያውቃል። የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ድሬዳዋ ከሚገኝ ባንክ በሕጋዊ መንገድ ይግዙ፤ የባንኩን ደረሰኝ ከገንዘቡ ጋር ያኑሩ፣ ኬላ ላይ ሲጠየቁ የሚታየው እርሱ ነውና። ደሴቷ ላይ ካርድ የሚቀበል ማሽን አለ ቢባልም የኢንተርኔት መረብ ሲጠፋ ማሽኑ አይሠራም፤ ስለዚህ ቀሪውን ሒሳብ የሚሸፍን ፍራንክ በጥሬው ይዘው ይሻገሩ።

ደረጃ 5፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ሻንጣው በትከሻ የሚያዝ ለስላሳ ቦርሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ጎማ ያለው ሻንጣ በአሸዋ ላይ አይጎተትም፣ ከጀልባ ሲወርዱም ውሃ ውስጥ መርገጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ልብሱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ስልክና ፓስፖርቱን ደግሞ ለብቻው አፉ በሚታሰር ላስቲክ ከረጢት ያስገቡ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙው እዚሁ ድሬዳዋ ከታይዋን ወይም ከአሸዋ ገበያ ይገኛል። በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ከሥሩ ወፈር ያለ፣ እግርን የሚሸፍን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሸበጥ ውሃ ውስጥ ይወልቃል፣ ባዶ እግርም በኮራል ላይ ይቆረጣል። ቀጥሎ መከላከያ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይግዙ። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም የሚለው አባባል ልክ አይደለም፤ ብርሃኑ ከላይም ከውሃውም ከነጩ አሸዋም ስለሚመጣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ትከሻው ይላጣል። ለሴቶች ከማንኛውም የባሕር ዳርቻ ልብስ የሚሻለው ቤታችን ያለው ሽቲ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ሲረጥብ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሪዞርቱ ውጭም ያለ ሐፍረት ይለበሳል። ለወንዶች ሽርጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ተሸፍነው መዋኘት የሚፈልጉ ሴቶች ቡርኪኒ ይዘው ይሂዱ፤ በጥጥ ልብስ መዋኘት ግን አደገኛ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ወደ ታች ይጎትታል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሚቆይበት ቀን በሦስት ቀን የሚበልጥ ይያዝ። ወስፌ መሳይ ቀጭን ጉጠት፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ የተቅማጥ ጊዜ የሚጠጣ ኦ.አር.ኤስ.፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የእጅ ባትሪና ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ ይጨምሩ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ታይታለች፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝም ጋር ተያይዛለች፤ ስለዚህ ከትንኝ መከላከልና በአጎበር ሥር መተኛት ለእኛ እንግዳ ምክር አይደለም።

ደረጃ 6፦ እስከ ጀልባው መድረስ

ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፣ ሰሌዳውም ይቀያየራል፤ ስለዚህ የሆቴሉን ቀን ከማጽደቅዎ በፊት የባቡሩን ቀን ይያዙ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ የባጃጅ ወይም የመኪና ጊዜ ይጨምሩ። በአይሻ በኩል ወደ ደወሌ ኬላ ይደረሳል፤ በጅቡቲ በኩል የመጨረሻው የመንገደኞች ጣቢያ ናጋድ ነው። በመኪና መሄድ ለሚፈልግ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ የሚወስድ የክፍያ መንገድ አለ። በአውሮፕላን ለመሄድ በአዲስ አበባ በኩል መዞር ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከባቡሩ ጋር አይወዳደርም።

በየትኛውም ቢሄዱ ጅቡቲ በገቡበት ቀን ለመሻገር አይሞክሩ። ባቡር ይዘገያል፣ ኬላ ላይ ይቆያል፤ የደሴቷ ጀልባ ግን አይጠብቅዎትም። ከተማው ውስጥ አንድ ሌሊት አድረው ውሃና ፍራንክ ይግዙ፣ የስልክ ካርድ ከፈለጉ ያውጡ። ይህን ሁሉ ከቀትር በፊት ይጨርሱ፤ ከእኛ አቅጣጫ የሚሄደው ጫት ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ሱቁም ቢሮውም እስከ 10 ሰዓት ገደማ ተዘግቶ ይውላል። ወደብ፣ አየር ማረፊያና የጦር ሠፈር ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ጀልባ የሚጠበቀው ወደቡ አጠገብ በመሆኑ ለመታሰቢያ የሚነሣውን ፎቶ ደሴቷ እስኪደርሱ ያቆዩት። ጀልባው ላይ ሲወጡ የሕይወት አድን ጃኬት ይጠይቁ፣ ተቀብለውም ሥሩ አያስቀምጡት፤ ይልበሱት።

ደረጃ 7፦ ክፍል መረከብ

ቦርሳዎን ሳይፈቱ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ የበሩን ቁልፍና የአጎበሩን ቀዳዳ ይዩ። ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ይጠይቁ፤ ስልክ የሚሞላው ከዚያ በፊት ነው። ከባሕር ሲወጡ ጨውን የሚያስለቅቅ አጭር ሻወር ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ወደ ባሕሩ መግባት

እዚህ ላይ መዘግየት ይገባል፤ ባሕር ዳር ያላደግን ሰዎች የምንስተው እዚህ ነውና። ውሃው በቀን ውስጥ ይሞላል ይጎድላል፤ በጅቡቲ ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ከ2 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ደረት የሚደርስ የነበረው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ጉልበት ላይ ሊሆን፣ ኮራሉም ብቅ ሊል ይችላል። በየማለዳው የጀልባውን ነጂ የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ይጠይቁና ይጻፉት። ለመዋኘት ውሃው እየሞላ ያለበት ሰዓት ይመረጣል። እየጎደለ ሲሄድ ውሃው በኮራሉ ክፍተቶች በኩል ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ስለሚፈስስ ዋናተኛን ይዞ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ቢወስድዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኙ ከፈሳሹ ሲወጡ ወደ የብስ ይመለሱ።

ይህ የሙላት ነገር ሪዞርት ለመምረጥም ይጠቅማል። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ በሚደረስባት በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ውሃው ሲጎድል ርቆ ስለሚሸሽ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም፤ በሰሜን ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ወደዚያ የሚያስብ ሰው ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ አገር እንግዶች የተደነገገውን የ44 ዶላር መድን ወጪም ይያዝ።

ከውሃ በታች ለማየት መስክ የሚባለውን፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ባለመስታወት ጭንብል ከሆቴሉ ሲከራዩ ልኩን እንዲህ ይፈትሹ፦ ማሰሪያውን ጭንቅላትዎ ላይ ሳያደርጉ መስኩን ፊትዎ ላይ ለጠፍ ያድርጉና በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፤ እጅዎን ሲለቁት ፊትዎ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ልክዎ ነው፣ ከወደቀ ሌላ ይጠይቁ። ከጠርዙ ሥር አንዲት የፀጉር ዘለላ ብትገባ ውሃ ያስገባል፤ ጺማም ሰው ይህን ችግር አስቀድሞ ይወቅ። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ውስጡን በምራቅ አሸት አድርገው በባሕር ውሃ ያለቅልቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆመው፣ ፊትዎን ብቻ ነክረው፣ አፍ ውስጥ በሚያዘው የመተንፈሻ ቱቦ መተንፈስን ይለማመዱ፤ ብቻዎን አይግቡ።

ሙሻና መስካሊ የተጠበቀ የባሕር ክልል ናቸው። ኮራል አይሰበርም፣ አይረገጥም፣ ዛጎልም አይለቀምም። ለራስዎም ሲሉ ነው፦ የባሕር ጃርት እሾኽ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው መርዘኛ ዓሣም በአሸዋና በድንጋይ መካከል አይለይም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲራመዱ እግርዎን ሳያነሡ እየጎተቱ ይሂዱ። ዓሣው ከወጋ እግሩን፣ ቆዳ በማያቃጥል መጠን በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሣል። ወዲያውም ጀልባ ይጠይቁ፣ ሐኪም የሚገኘው ከተማ ነው። በኮራል የተቆረጠ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ይመረቅዛልና በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ አጥበው ፀረ ጀርም ያድርጉበት።

ልጆች ይዘው ከሆነ አንድ አዋቂ በተራ ስልኩን አስቀምጦ እነርሱን ብቻ ይጠብቅ። አየር የተሞላ መንሳፈፊያ የሕይወት አድን ጃኬትን አይተካም፤ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ልጁን ከነመንሳፈፊያው ይወስደዋል።

ደረጃ 9፦ መመለስ

ሒሳቡን ከመነሻው በፊት ባለው ምሽት ይጠይቁ፤ ጠዋት ጀልባ እየተጠራ የሚመረመር ሒሳብ አይመረመርም። እያንዳንዱን መስመር ቀድሞ በጽሑፍ ከተስማሙበት ጋር ያስተያዩ፣ በተለይ የውሃና የጀልባ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳልተያዘ ይመልከቱ። ልክ እንደ መምጫው ሁሉ በመመለሻም በጀልባውና በባቡሩ መካከል አንድ ሌሊት ያስገቡ። ናጋድ ከከተማው ራቅ ስለሚልና የጅቡቲ ታክሲ ቆጣሪ ስለሌለው፣ ወደ ጣቢያው የሚያደርስዎትን ታክሲ በዋዜማው ምሽት ዋጋ ተነጋግረው፣ የሚመጣበትንም ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ነግረው ይያዙ።